ለድመት የተመታ ከበሮ

ድሬዳዋ፣ ጥቅምት ፲፪ ቀን ፲፱፻፶፭ ዓ.ም.

ይድረስ ለአጎቴና ለመምህሬ ለመሪጌታ ገብረ መድኅን፣ ጋይንት ቤተ ልሔም፤

የዘንድሮው ክረምት እንዴት አድርጎ ለቀቀዎት? ጉልበትዎስ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ከሙቀቱ በቀር የሚያመኝ የለም። እዚህ አገር ወፍራም ልብስ የደረበ ሰው ታሟል ተብሎ ይጠየቃል። ይዤው የመጣሁትን ባና አጥፌ ትራስ አድርጌዋለሁ፤ ስተኛ የጋይንት በግ ይሸተኛል።

ባለፈው ደብዳቤዎ «ምን ሠርተህ ትበላለህ?» ብለው ጠይቀውኝ ነበር። መልሱ የዘገየው ሥራው የሚያሳፍር ሆኖ አይደለም፤ ለማስረዳት አስቸግሮኝ ነው። ሲኒማ ቤት ነው የምሠራው። ጣሪያ የለውም፤ ግቢ ነው። በአንድ በኩል ግድግዳ የሚያህል ነጭ ሸራ ተወጥሯል፣ በሌላው በኩል ሥዕሉን የሚያበራው መኪና አለ፣ መሐሉን አግዳሚ ላይ የተቀመጠ ሰው ይሞላዋል። መኪናው ብርሃን ሲተፋ ሸራው ላይ ሰዎች ይታያሉ፤ ይበላሉ፣ ይጣላሉ፣ ይሳሳማሉ። ባለቤቱ ሙሴ ያኒ የሚባል ግሪክ ነው። የእኔ ሥራ ከሸራው ኋላ ቆሜ ሰዎቹ የሚናገሩትን በአማርኛ እየጮህኩ ማሰማት ነው። ቋንቋቸውን አላውቅም። ሙሴ ያኒ ታሪኩን አስቀድሞ ባጭሩ ይነግረኛል፣ የጎደለውን እኔ እሞላለሁ። ቅኔ ቤት ማስገባትዎ እዚህ ጠቀመኝ።

ከኋላ ስለምቆም ሥዕሉን የማየው ተገልብጦ ነው። በእኔ በኩል ሰው ሁሉ በግራ እጁ ይበላል፣ በግራ እጁ ይጨባበጣል። ለምጄዋለሁ።

አሁን ያስቸገረኝን ልንገርዎ። ሰሞኑን የሚያስፈራ ፊልም መጣ። ሰው ከፍሎ ሊፈራ ይመጣል፤ እንዲያምኑኝ አልጠብቅም፣ ግን እውነት ነው። አንዲት ልጃገረድ ሰው በሌለበት ትልቅ ቤት ውስጥ ፋኖስ ይዛ ትዞራለች። ደረጃ ትወጣለች፣ በር ትከፍታለች፣ ሌላ በር ትከፍታለች። በመጨረሻ ቁም ሳጥን ስትከፍት አንድ ነገር ዘሎ ይወጣባታል። ድመት ነው።

እንደ ሙሴ ያኒ ከሆነ እዚህ ላይ ሰው ከአግዳሚው ብድግ ማለት አለበት። አላለም። የድምፁ መሣሪያ አርጅቷል፤ መጮኽ ሲገባው ያስነጥሳል። ስለዚህ ጠራኝና «አንተ የቄስ ልጅ አይደለህም?» አለኝ።

«የመሪጌታ እኅት ልጅ ነኝ።»

«ያው ነው። ከበሮ ትችላለህ?»

«እችላለሁ።»

«እንግዲያው ድመቱ ሲዘል ምታ። የሰው ልብ ቀጥ እስኪል ምታ።»

ከሠርግ ዘፋኞች አንድ ከበሮ ገዝቶ አምጥቶልኛል። ጥያቄዬ እንግዲህ ይህ ነው፤ እርስዎ ያሠለጠኑትን እጅ ለድመት ብመታበት ኃጢአት ይሆንብኛል? ኃጢአት ካልሆነስ፣ በድንገት የደነገጠ ሰው በእርግጥ ፈራ ይባላል? ሙሴ ያኒ ይባላል ይላል። እኔ አላውቅም።

ስለ መምጣቴ የጻፉልኝን አልዘነጋሁም። ነገሩ ትንሽ ይርጋልኝ።

ጉልበትዎን እስማለሁ፤
የእኅትዎ ልጅ ዋሴ


ቤተ ልሔም፣ ታኅሣሥ ፬ ቀን ፲፱፻፶፭ ዓ.ም.

ለልጄ ለዋሴ፤

እግዚአብሔር ያንተን ሙቀት ያብርድልህ፣ ከእኛም ብርድ ቆንጥሮ ወደዚያ ይላክልህ። ደብዳቤህ የደረሰኝ በወገዳው ነጋዴ በገብሬ እጅ ነው። ደብረ ታቦር ተቀብሎ ከጨው ጋር ጭኖት ስለመጣ አንዳንዱን ቃል ጨው በልቶታል። «ይሳሳማሉ» የምትለው ግን ምንም አልሆነችም።

የጻፍከውን ደጋግሜ አነበብኩት። ድመት? ያን ሁሉ ደረጃ ወጥታ ድመት? ልጄ፣ እኛ ጎተራ በከፈትን ቁጥር ድመት ይዘልብናል፤ ሊያየን ብሎ የከፈለ ሰው የለም።

ስለ ኃጢአቱ አትጨነቅ። የሠርግ ከበሮ ከሆነ ድሮም የተባረከ አይደለም፤ ምታው። እጅህ ግን የእኔ ሥራ ነውና ልክ አታስተው።

ስለ ሌላው ጥያቄህ ብዙ አሰብኩ፤ ጊዜ አለኝ። መደንገጥና መፍራት አንድ አይመስሉኝም። መደንገጥ የሥጋ ነው። በቅሎም ቅጠል ሲያርፍባት ትዘላለች፣ ወዲያው ወደ ሣሯ ትመለሳለች። የፈራ ግን ሣር አይጥመውም። አንተም ታውቀዋለህ፤ በማሕሌት ከበሮው መጀመሪያ መሬት ተቀምጦ በዝግታ ይመታል፣ መረግዱ ነው። ቀስ እያለ ይነሣል፣ ይሞቃል፤ ፈጣኑ ምት፣ ጽፋቱ ላይ ሲደርስ ሰው ሳይታወቀው እግሩ ከመሬት ለቋል። ከባዶ ተነሥተን በጽፋት ብንጀምር ምን ይመጣል? ሕዝቡ በረዶ ወረደ ብሎ ከብቱን ሊያስገባ ይሮጣል። የአንተ ሙሴ ያኒ በጽፋት እንጀምር የሚል ሰው ነው።

ደግሞም በየቤተ ክርስቲያናችን ግድግዳ ሰይጣን ከነቀንዱ ከነጥፍሩ ተሥሏል። ማን ፈራው? ሴቶቹ እሱኑ ተደግፈው ልጅ ያጠባሉ። ሰው ድምፁን ዝቅ የሚያደርገው ከመጋረጃው ፊት ሲደርስ ነው፤ እዚያ ደግሞ የሚታይ ነገር የለም።

ይህን ካልኩ ስለ ራሴ ልጻፍ። በክረምቱ ጉንፋን ይዞኝ ነበር። ጉንፋኑ ሲሄድ ጆሮዬን ይዞ ሄደ። ቀኙ ከነጭራሹ፤ ግራው ሲጮኹበት ብቻ ይሰማል። ለድጓ መምህር ይህ ምን ማለት እንደሆነ ላንተ አላስረዳም። የደብራችን አለቃ፣ አለቃ አበጀም አውቀውታል። ባለፈው እሑድ አስጠርተውኝ ወደ ግራዬ ጠጋ ብለው እንዲህ አሉኝ፦ «መሪጌታ፣ የሚበሉት መሬትም የሚኖሩበት ቤትም የአገልግሎት ነው። እስከ ፍልሰታ ከወገንዎ ቆሞ የሚያዜም ሰው ካላመጡ፣ ሳልወድ በግዴ ለሌላ አገልጋይ እሰጠዋለሁ።» አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር።

ከወገኔ ቆሞ የሚያዜም ካንተ በቀር የለኝም። ባለቤቴ ካረፈች ወዲህ ያለሁትን ታውቃለህ፤ ልጅም አልሰጠን። የቀሩት ተማሪዎቼ ንፋስ መውጫ የመንግሥት ትምህርት ቤት ገቡ። እዚያ ወንበር አለ ይላሉ። እውነት ነው፣ እኔ ጋ ወንበር የለም።

ና ብዬ አላዝህም። ሥራ የያዘ ሰው አይታዘዝም። ቀኑን ብቻ ነው የነገርኩህ፤ ፍልሰታ ነው።

ሰው ከተገኘ የባትሪ ድንጋይ ላክልኝ። የሰላሙ ጌታ ካለህበት አይራቅ።

ገብረ መድኅን


ድሬዳዋ፣ መጋቢት ፳ ቀን ፲፱፻፶፭ ዓ.ም.

ለተከበሩ አጎቴ፤

ጾሙ እንዴት ይዞዎታል? ስለ ጆሮዎ ያነበብኩት አላስተኛኝም። እዚህ የጆሮ ሐኪም አለ ይባላል፤ ግን እሱ ወደዚያ አይሄድ፣ እርስዎም ወደዚህ አይመጡ። ድንጋዩን በሰው ልኬያለሁ።

ከበሮው ሠራ! እንደ መከሩኝ ልጅቱ ደረጃውን ስትወጣ ጀምሬ በመረግድ ላስከትላት ብል፣ ሙሴ ያኒ ከመኪናው በኩል «ሠርግ ነው እንዴ?» ብሎ ጮኸ። ስለዚህ ድመቱን ጠብቄ አንድ ጊዜ አወረድኩበት። ከኋላ ሆኜ ሰውን አላይም፣ እሰማለሁ እንጂ። አግዳሚው በሙሉ ተንጓጓ። በአንድ ትንፋሽ «በስመ አብ» የሚል፣ «ቢስሚላሂ» የሚል፣ የማላውቀውን ቅዱስ የሚጠራ ሰማሁ። የዓለም ሃይማኖት ሁሉ ለአንድ ድመት ተሰበሰበ።

ሙሴ ያኒ እጁን እያሻሸ ሳለ ግን ሌላ ነገር ተከተለ። የባቡር ሠራተኞች ከተቀመጡበት በኩል «እኔን!» የሚል ተነሣ። «እኔን እናቴ!» «አይዞሽ፣ ድመት ነው!» አንዲት ሴትዮ ደግሞ «ኧረ ውኃ ስጧት፣ ምን ታያላችሁ!» አለች። በእረፍቱ ሙሴ ያኒ ወደ እኔ መጣ።

«እኔን ማለት ምንድን ነው?»

«ሰው ሲሰናከል ወይም ሲደነግጥ፣ በእሱ ፋንታ እኔ ልሁን ማለት ነው።»

«ለማን ነው የሚሉት?»

«ለልጅቱ።»

«ልጅቱ እኮ ሸራ ናት!»

«ያውቃሉ።»

«ታዲያ?»

«ስለደነገጠች ነው።»

ባርኔጣውን አውልቆ ብዙ አየኝ። ችግሩ እዚያ ላይ አላበቃም። ልጅቱን ካጽናኑ በኋላ በድመቱ ሳቁ፤ ከሳቁ በኋላ ስለ ድመት ወግ ያዙ። እውነተኛው ገዳይ ቢላዋውን ይዞ ሲገባ ሰዉ ገና ስለ አክስቱ ድመት ይጨዋወት ነበር። ሙሴ ያኒ መድኃኒቱ ከበሮ መጨመር ነው ብሏል። አሁን በር ሲከፈት እመታለሁ፣ መስኮት ሲዘጋ እመታለሁ፣ አንድ ቀን በሌላ ፊልም ወጥ ቤቷ ድስት ስትከድንም መትቻለሁ።

በድመቱ ፊልም መጀመሪያ የልጅቱን አባት ሆኜ የምናገረውም እኔ ነኝና ሰዉ ድምፄን አወቀው፤ ፊቴን የሚያውቅ ግን የለም። ገበያ ውስጥ የሎሚ ዋጋ ስጠይቅ ሻጯ ደንግጣ «አንተ የልጅቱ አባት አይደለህም?» አለችኝ። ነኝ አልኳት። እስካሁን እዚህ አገር የተዘመድኩት ከልጅቱ ጋር ብቻ ነው።

መኪናውን የሚያንቀሳቅሰው ሰውዬ አርጅቷል። ሙሴ ያኒ ከሐምሌ ጀምሮ ሥራውን አስተምርሃለሁ ብሎኛል። መኪናውን የያዘ ሰው ከሸራው ፊት ነው የሚሆነው፤ ሁሉን በቀኙ ያያል። ስለ ፍልሰታ የጻፉትን በልቤ ይዣለሁ። አለቃ አበጀ ትንሽ ቀን ቢጨምሩልን ምናለበት? ደግ ሰው ናቸው።

ልጅዎ ዋሴ


ቤተ ልሔም፣ ግንቦት ፳፯ ቀን ፲፱፻፶፭ ዓ.ም.

ለልጄ ለዋሴ፤

የትንሣኤው ብርሃን አንተም ዘንድ ይድረስ። የባትሪው ድንጋይ ደረሰኝ፤ እግዚአብሔር ይስጥልኝ።

ድስቱ ላይ ስደርስ ሳቅሁ። ሳቄን አልሰማሁትም፤ ሆዴ ሲንቀጠቀጥ ነው ያወቅሁት። እንግዲህ ግራውም ሄዷል ማለት ነው።

ባለፈው ስለ ድንጋጤ የጻፍኩልህ ሳላይ የተናገርኩት ነበር። አሁን አይቻለሁ። በአገራችን ሰው ቤት የሚመጣው እንዴት እንደሆነ ታውቃለህ። ከአጥሩ ማዶ «ቤቶች!» ይላል፣ ያስላል፣ ውሻውን ይቆጣል፣ እንደገና «ቤቶች!» ይላል። እስኪገባ ድረስ አንተ ነጠላህን አስተካክለህ፣ ክፉ ፊትህን አንሥተህ ደጉን አስቀምጠሃል። ከእኔ ይህ ሁሉ ተወስዷል። አሁን ሰው ሁሉ ወደ እኔ የሚመጣው በድንገት ነው። መጽሐፍ አነባለሁ፤ ማንም የለም፤ ቀና ስል ጎኔ ላይ ሰው ቆሟል።

መጀመሪያ ጎረቤቴ ማንጠግቦሽ ናት እንዲህ ያደረገችኝ። የባቄላ ንፍሮ ይዛ መጥታ ትከሻዬን ነካችኝ። በእጄ የነበረው ዋንጫ ጣሪያ ነካ። ያኔ ግራው ገና ጥቂት ይሰማ ነበርና አፏን አስጠግታ «መሪጌታ፣ ጋኔን መሰልኩዎት?» አለችኝ።

«ጋኔን በንፍሮ አይመጣም» አልኳት።

«ሦስቴ ጠራሁ እኮ!»

«ማንን?»

ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ሳቀች፤ ኋላ ግን ዓይኗን ስትጠርግ አየኋት። ሳቁ ይሁን ሌላ አላውቅም።

እንግዲህ ለሙሴ ያኒ እንዲህ ብለህ ንገረው። መጀመሪያ ሰሞን በእርግጥ ልብ ይዘላል። ቀጥሎ ልብ ትቶት ንዴት ይመጣል፤ ማንጠግቦሽን «ደወል እሰርልሻለሁ» ያልኳት ያን ጊዜ ነው። ደወሉንም እንደማልሰማው ረስቼ ነበር። ከዚያ በኋላ ምንም የለም። ትከሻዬ ሲነካ «ገባሽ?» እላለሁ፣ አለቀ። ከበሮህም እንዲሁ ያልቃል።

ያላለቀልኝ ግን ሌላ ነው። ብርሃኑ በመስኮቱ ስለሚገባ ስቀመጥ ጀርባዬ ወደ በሩ ነው። ሳነብ፣ አሁን ሰው ገብቷል ይለኛል። እዞራለሁ። የለም። ወደ መጽሐፌ እመለሳለሁ፤ የጀመርኩት መስመር ሳያልቅ፣ አሁንስ ገብቷል ይለኛል። እዞራለሁ። እንዲህ ስል ይመሻል። ልጄ፣ ዘሎ የሚወጣብኝ ነገር ስላለ አይደለም የምፈራው። ስለሌለ ነው። ማንጠግቦሽ ስትነካኝማ እፎይ ነው የምለው። ስለዚህ የሊቅ ቃል ከፈለግህ ይኸውልህ፤ ድንጋጤ የፍርሃት ማብቂያው ነው እንጂ መጀመሪያው አይደለም። የእናንተ ድመት ሰዉን ከፍርሃቱ ነው የገላገለው፣ ለዚህ ነው የሳቁት።

መስታወት ላክልኝ። ሙሴ ያኒ የሚላጭበትን ዓይነት ትንሹን ሳይሆን ፊት ሙሉ የሚያሳየውን። ላምርበት አይደለም፤ በመስኮቱ ጎን ሰቅዬ ጀርባዬን ላይበት ነው። ማንጠግቦሽ ሰምታ «መሪጌታ መስታወት ከያዙ ሚስት ሊያገቡ ነው» ብላ አገሩን ሞልታዋለች።

አለቃ አበጀን እንዳልከው ጠየቅኋቸው። በመሬት ላይ በጣታቸው ጻፉልኝ፦ ፍልሰታ።

ገብረ መድኅን


ድሬዳዋ፣ ነሐሴ ፳፭ ቀን ፲፱፻፶፭ ዓ.ም.

ለአጎቴ ለመሪጌታ፤

ፍልሰታ እንዳለፈ አውቃለሁ። ሐምሌን ሙሉ ደብዳቤ እጀምርና እተወዋለሁ። ዝናቡ ነው፣ መንገዱ ተበላሽቷል፣ አባይ ሞልቷል ብዬ ልጽፍ ነበር። ሁሉም እውነት ነው። እዚህ ግን ዝናቡ መንገደኛ እንደማያስቀር እርስዎም ያውቃሉ፤ እግሬን የያዘው መኪናው ነው። ፊልሙን ማጠንጠን፣ ሲበጠስ መቀጠል ተማርኩ። በአንድ ወር ይህን የተማረ የለም ይላል ሙሴ ያኒ። የአለቃ አበጀን ቀን እያየሁ አሳለፍኩት።

መስታወቱን ገዝቼ በባናዬ ጠቅልዬ ልኬልዎታለሁ። ባናው ለእርስዎ ይሁን።

አንድ ነገር ግን ልንገርዎ። ያ የድመት ፊልም ሌላ ከተማ ዞሮ ተመለሰ፤ ሙሴ ያኒም ወደ ከበሮዬ መለሰኝ። ሰዉ በቃሉ ይዞታል። ድመቱ ሲቃረብ ጆሮውን በጣቱ ይደፍናል፣ ቀድሞ የሚስቅም አለ። የእርስዎ ደብዳቤ ኪሴ ውስጥ ነበር። ልጅቱ ቁም ሳጥኑን ስትከፍት እጄን አነሣሁ፣ አላወረድኩም።

የድምፁ መሣሪያም ያን ቀን ጨርሶ ሞቷል። ድመቱ ያለ አንዳች ድምፅ ዘለለ። ሰዉ ጠበቀ። ማንም «እኔን» አላለም። ሳል እንኳ ጠፋ። ልጅቱ ሳጥኑን ዘግታ ወደ ሌላው ክፍል ሄደች፤ እኔም መናገሩን ተውኩት፤ ሰዉ ግን ገና የድመቱን ምት እየጠበቀ ነበር። እስከ መጨረሻው አንድ ሰው አልሳቀም። ሲወጡ ማንም ብቻውን አልወጣም። አንድ ግንብ የሚያህል ወታደር መጥቶ «ወንድም፣ በየት በኩል ነህ? አብረን እንሂድ» አለኝ። ኋላ እንደነገረኝ ቤቱ በተቃራኒው ነው።

ሙሴ ያኒ «ለዝምታ ደሞዝ የለኝም!» ብሎ ተቆጣ። በማግስቱ ግን ግቢው ጢም ብሎ ሞላ፤ የቆመው ከተቀመጠው ይበልጥ ነበር። ስለዚህ ክርክሩን እርስዎ ረትተዋል።

እኔ ግን አልተደሰትኩም። ወታደሩን ተሰናብቼ ክፍሌን ከፈትኩ። ክፍሌ አንድ አልጋና አንድ ሳጥን ነች፤ የሚደበቅበት ቦታ የላትም። ደጃፉ ላይ ቆሜ ለመግባት ፈራሁ። ማንም እንደማይኖር አውቃለሁ፤ ያንን ነው የፈራሁት። የግንቦቱ ደብዳቤዎ ያን ጊዜ ገባኝ። ስቀበለው ለሥራዬ የሚጠቅም መስሎኝ ነበር ያነበብኩት።

ከአለቃ አበጀ ምን እንደተባለ ይጻፉልኝ። ክፉም ቢሆን ይጻፉልኝ።

ዋሴ


ቤተ ልሔም፣ ጥቅምት ፰ ቀን ፲፱፻፶፮ ዓ.ም.

ለልጄ ለዋሴ፤

ዘመኑን የለወጠ አምላክ ያንተንም ወደ ደግ ይለውጥልህ።

መስታወቱ ደረሰ። የገብሬ በቅሎ መንገድ ላይ ተኝታበት መሐል ለመሐል ሰንጥቃዋለች። አሁን የሚገባው ሰው ሁሉ ሁለት ሆኖ ነው የሚገባው፤ ለብቻው ለሚኖር ሰው አይከፋም። አብዛኛውን ጊዜ ግን በሩን ነው የሚያሳየኝ። ሁለት በር።

ክፉም ቢሆን ጻፍልኝ ስላልክ እጽፋለሁ። ፍልሰታ ካለፈ በኋላ አለቃ አበጀ ከእስቴ አንድ ካሴ የሚባል አገልጋይ አስመጡ። ወጣት ነው፤ ድምፁ መልካም ነው ይላሉ፤ እኔ የማየው አንገቱን ነው፣ አንገቱ በትክክል ይሠራል። መሬቱን ከማስረከቤ በፊት ለቅዱስ ዮሐንስ ማሕሌት እንድቆም ለመንኳቸው። ፈቀዱ።

ማንም ሳይመራኝ ቆምኩ። የከበሮውን መቺ እጅ አያለሁ፣ የመቋሚያውን ውዝዋዜ አያለሁ፤ በዚያ እየተመራሁ ልክ ነበርኩ። ካሴ ራሱ ዘወር ብሎ አየኝ። ጎህ ሲቀድ የምወደው ዜማ መጣ። አንተም ታውቃለህ፣ እሱ ላይ ስደርስ ዓይኔን እጨፍናለሁ። ጨፈንኩ።

ስከፍት መቋሚያው ሁሉ ቆሟል። ከበሮው መሬት ላይ ነው፣ መቺው እጁን አጣጥፏል። ካህናቱም ሕዝቡም እኔን ያያሉ። አፌ ገና ክፍት ነበር። ከመቼ ጀምሮ ብቻዬን እንደነበርኩ አላውቅም።

ማንም አልሳቀም፣ ማንም አልገሠጸኝም፤ ዝም ብለው ጠበቁኝ። አንተ እጅህን አንሥተህ ያላወረድከውን ምት እኔ ያን ጊዜ ሰማሁት። ከቅጽሩ ስወጣ ማንጠግቦሽ ጠጋ ብላ፣ እጇንም አፏንም እያንቀሳቀሰች «ድምፅዎ እንዴት ያምር ነበር!» አለችኝ፤ ከከንፈሯ ነው ያነበብኩት።

«ብቻዬን ብዙ ቆየሁ?» አልኳት።

«ኧረ ምንም!» አለች። የአንገቷ ሥር እስኪወጣጠር ጮኻ ነው የዋሸችኝ። ሰው ቀስ ብሎ ሲዋሽ ይቀናዋል፤ ጮኾ ሲዋሽ አያምርበትም።

በማግስቱ ቤቱንም መሬቱንም ለካሴ አስረከብኩ። ክፉ ልጅ አይደለም። ከግቢው ጥግ ያለችውን ጎጆ ለእኔ ትቶልኛል፤ ምግብም ከማንጠግቦሽ ጋር እየተፈራረቁ ያቀምሱኛል። መስታወቱም አላስተማመነኝም፤ ከሰሞኑ በጎጆዋ ውስጥ ፊቴን ወደ በሩ አዙሬ ተቀምጫለሁ። ብርሃን ስለማይበቃኝ ማንበቡን ተውኩት።

አሁን አንድ ነገር ልበልህና ይብቃኝ። እስካሁን ና ስልህ በመሬቱ፣ በቤቱ፣ በአለቃው ቀን እያሳበብኩ ነበር። ሁሉም ሄደዋል። ብትመጣ የምታገኘው ምንም ነገር የለም፤ ብትቀርም የሚጠፋብህ የለም። መኪናህን የምታስረክብበት አንድ እንኳ ምክንያት ልሰጥህ አልችልም።

ና።

ገብረ መድኅን


ድሬዳዋ፣ ኅዳር ፲ ቀን ፲፱፻፶፮ ዓ.ም.

ይድረስ ለአጎቴ፤

ጤናዎን ለመጠየቅም አልቆይም፤ መጥቼ አየዋለሁ። ለሙሴ ያኒ እንደምሄድ ነገርኩት። «መኪናውስ?» አለ። «ለሌላ ሰው አስተምር» አልኩት። «መኪናውንስ አስተምራለሁ» አለና ባርኔጣውን አዟዟረው። «ማን ነው ዝም የሚልልኝ?»

ለጥየቃ አይደለም የምመጣው። ከካሴ ጋር ተነጋግሬ ከበሮም ቢሆን እመታለሁ፣ እምቢ ካለኝም እርሻ አለ። ሎሚ የምትሸጠዋን ሴትዮ ተሰናበትኳት፤ «ልጅህን ሰላም በልልኝ» አለችኝ።

እንዴት እንደምመጣ ልንገርዎ። ገብሬን ከደብረ ታቦር አስቀድሜ እልከዋለሁ፤ ይህን ደብዳቤ የሰጠዎት እሱ ነው። እኔ ከኋላው ነኝ። ገብሱ ታጭዶ ስለሚያልቅ ከጎጆዋ ፊት ያለው ሜዳ ባዶ ይሆናል፤ ከማዶው ጉብታ ጀምሮ ሰው ይታያል። በእኩለ ቀን፣ ፀሐይ ሳለ፣ በዚያ በኩል እመጣለሁ። በጓሮ አልዞርም። በሩን ከፍተው ይቀመጡ። መጀመሪያ ሰው ይሁን ቁጥቋጦ አይለዩትም፤ ቆይተው ሰው መሆኑን ያውቃሉ፤ ቆይተው መንገዱ ወደ እርስዎ መሆኑን ያውቃሉ። ወደ ማንጠግቦሽ ቤት የሚታጠፈውን መንገድ አልፌ ስመጣ፣ እኔ ነኝ።

አልሮጥም። ጠግበው እስኪያዩኝ ድረስ በዝግታ ነው የምሄደው።

ዋሴ